የዋልት ፔርኮ ሸሚዝ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 11

ብርዱ ለጉድ ነው። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ቢሮ ስደርስ ማሞቂያው ጠፍቶ ጠበቀኝ፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ዋልኩ። የካውንቲያችን የዘማቾች ጉዳይ ቢሮ ማለት ይኸው ነው። ኃላፊዋም፣ ጸሐፊዋም፣ ማሞቂያውን በእርግጫ የምታስነሳውም እኔ።

ጠዋት እማዬ ደወለች። የከተማው ምክር ቤት ወስኗል፣ አዲሱ ድልድይ በአባዬ ስም ሊጠራ ነው። "ዋልት ፔርኮ ድልድይ።" ሦስት ጊዜ ደጋገመችልኝ። ሜይ መጨረሻ ላይ፣ በወታደሮች መታሰቢያ ቀን ይመረቃል። አራት ዓመት ቢቆይ ኖሮ በዓይኑ ያየው ነበር ብላ አለቀሰች… እኔም አለቀስኩ። ለራሴ ልዋሽ?

ባለጉዳይ ሦስት። የጆሮ መስሚያው የጠፋበት፣ የባሏን የመቃብር ድንጋይ የምታዝ፣ እና ኤይኖ ራንታላ።

ኤይኖ እዚህ በሠራሁበት አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይህን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ከአባዬ ጋር በአንድ ቀን ተመልምለው፣ በአንድ ሻምበል ቬትናም የዘመቱ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆባቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ ሰላምታቸው እሱ ነው። ዛሬ ግን ገቡ፣ በረዶውን ከጫማቸው አራገፉ፣ ተቀመጡ። ዝም። እኔም ዝም። የፊንላንድ ዘር ጋ ቀድሞ የተነፈሰ ተሸነፈ ነው።

"የመሰናበቻ ወረቀቴ ላይ የጎደለ ነገር አለ" አሉ በመጨረሻ።

"ምን?"

"ኒሻን። የብር ኮከብ።"

ሳቄን ዋጥኩት። የብር ኮከብ እንደ ጓንት መንገድ ላይ የሚጥሉት ነገር አይደለም። በዚህ ከተማ ያገኘው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አባዬ። ሌላ ቢኖር እንዴት ሳንሰማ ቀረን? ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው፤ የዓይን ምስክር፣ የአለቃ ደብዳቤ።

"መቶ አለቃው በሕይወት አለ። ጆርጂያ ግዛት ነው። ይጽፍልሻል።"

"እርስዎስ? ምን እንደሠሩ አይነግሩኝም?"

"እሱ ሲጽፍ ታነቢዋለሽ።"

"ሃምሳ አራት ዓመት ቆይተው፣ ለምን አሁን?"

ቆባቸውን አጠለቁ። "አሁን ሆነ" ብለው ወጡ።

እርጅና ብዙ ነገር ያሳያል… አዘንኩላቸው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 20

የኤይኖን ወረቀት ቅጂ አስመጣሁ። ሄዶ ለተመለሰ ሁሉ የሚታደለው ሦስት ተራ ሜዳይ፣ ሌላ የለም። ለሠራዊቱ መዝገብ አራሚ ቦርድ የሚላከውን ፎርም አብረን ሞላን። ጽሕፈታቸው እንደ ተማሪ ነው። "ስህተቱ እንዴት ተፈጠረ" የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አስቀመጡ።

"እሱን ባዶ ተዪው።"

"ባዶ ከሆነ ይመልሱታል።"

"ይመልሱት።"

ግትር ሽማግሌ። ማሞቂያው ዛሬም አልሠራም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 9

ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከከተማው ዳር ካለው የማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታው ተሰማ፤ እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ፖስተኛው የመጣው ያኔ ነው። ወፍራም ፖስታ፣ ከጆርጂያ።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። ሃርላን ፕሩት ይባላሉ፣ ያኔ መቶ አለቃ፣ አሁን የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው። ሁለት እግራቸው ተመትቶ ሩዝ ማሳ ውስጥ እንደወደቁ፣ አንድ የማያውቁት ወታደር ተኩስ ውስጥ ገብቶ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደጎተታቸው፣ ተመልሶም ሬዲዮ የተሸከመውን ልጅ እንዳመጣ ጽፈዋል። ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳሎናችን ውስጥ፣ በመስታወት ሥር፣ ከኒሻኑ ጎን የተሰቀለው ጽሑፍ እኮ ነው።

ከዚያ ፎቶው።

ከአንድ ሄሊኮፕተር አጠገብ አንድ ወጣት ቆሟል። ጭቃ በጭቃ ነው፣ የሰው ደም ክንዱ ላይ ደርቋል። ደረቱ ላይ የተሰፋው ስም ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ፔርኮ። ፊቱ ግን የአባዬ አይደለም። ጆሮው ወጣ ያለ፣ አገጩ ረዘም ያለ… ኤይኖ ራንታላ። የሃያ ዓመቱ ኤይኖ።

ሽማግሌው መኮንን መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላሉ። "ለዋልተር ፔርኮ በየገናው ካርድ እልክለት ነበር። አንድ ቀን አልመለሰልኝም፣ ትሑት ሰው ነው እል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የሞቱን ማስታወቂያ ከወጣትነት ፎቶው ጋር ሳይ፣ እኔን የጎተተኝ ሰው እሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ጠያይቄ ኤይኖ ራንታላን ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው።"

በሩን ቆለፍኩ። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 10

ኤይኖን አስጠራኋቸው። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። እሳቸውም አዩት፣ ዝም። ዛሬ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሸሚዙስ?"

"የዋልት።"

ከዚያ እየጎተትኩ፣ አንዳንድ ቃል እየለቀምኩ ሰማሁ። ጫካ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከከረሙ በኋላ ሄሊኮፕተር ንጹሕ ልብስ በጆንያ ይጥልላቸዋል። "የማን ነው ብሎ የሚያይ የለም። የሚበቃሽን መዘዝ አድርጎ መልበስ ነው። እኔ አንዴ የቄሱ ደርሶኝ ሰዉ ሁሉ ኃጢአቱን ሊነግረኝ ሲመጣ ተቸግሬ ነበር።" ያን ሰሞን የአባዬ ደረሳቸው። ትከሻቸው እኩል ነበርና ልክክ አለ።

"አባዬ የት ነበር?"

"ከኋላ፣ ካምፕ። እግሩ በስብሶ ጫማ አይገባለትም ነበር። ብዙዎቻችን እንዲያ ነበርን።"

"እና ኒሻኑ?"

"መቶ አለቃው የሌላ ሻምበል ሰው ነው፣ አያውቀኝም። ስጎትተው ከደረቴ ሌላ የሚያየው አልነበረውም። ያየውን ጻፈ። እኔን ወዲያው ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። የሻለቃው አዛዥ ካምፕ መጣ፣ ስም ጠራ፣ ስሙ የተጠራው ወጣ። ወታደር ሲጠራ ይወጣል፣ አንቺም የወታደር ልብስ ለብሰሻል፣ ታውቂዋለሽ።"

"ከዚያ በኋላስ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማን ጠራው?"

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። አላስጨረስኳቸውም። ዕቃ የወረወርኩ ሁሉ ይመስለኛል… ብዕሩን መሰለኝ። "በዚህ ቢሮ ውስጥ የአባቴ ስም እንዳይነሳ" አልኳቸው። "የርስዎን ጉዳይ እጨርሳለሁ። ስለሱ ግን አንድ ቃል መስማት አልፈልግም።"

ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩት። "እሺ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። የዋልትን እንዳይነኩት። እኔ የምለው የኔን ጨምሩልኝ ነው፣ የሱን ቀንሱ አላልኩም። እስካሁንም ችዬው ኖሬያለሁ። ድልድዩ ነው ያልቻልኩት። ወደ ክሊኒክ በሳምንት ሁለቴ በሱ ላይ ላልፍ ነው።"

"ሌላ ካውንቲ መሄድ ይችሉ ነበር እኮ። ለምን እኔ ጋ መጡ?"

"አንቺ ወይ በደንብ ትሠሪዋለሽ፣ ወይ ታቃጥዪዋለሽ። በሁለቱም ያርፋል ብዬ ነው።"

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 13

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እማዬ ደወለች፣ ጉንፋን ነው አልኳት።

ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ኒሻኑን ትምህርት ቤት ወስጄ ነበር። አባዬ ራሱ ነው በመሐረብ የጠቀለለልኝ። "እንዳትጥዪው" አለኝ፣ ሌላ ምንም። ክፍሉ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። አባቴ መቶ አለቃውን ጎተተ፣ አባቴ ሬዲዮ የያዘውን ልጅ አዳነ… አስተማሪዋ አለቀሰች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የዘመትኩት ለምን ነበር? ስድስት ዓመት የለበስኩት፣ ጉልበቴን ያጣሁት? ባሌ እንኳ ሲሄድ "እኔ ካባትሽ ጋር መወዳደር ደከመኝ" ብሎኝ ነው የሄደው።

ትሑት ነው ይሉት ነበር። ስለ ጦርነቱ አይናገርም፣ ጀግና እንዲህ ነው ይሉ ነበር። አይናገርማ። ምን ብሎ ይናገር?

አሁን ቢነሳ የምለውን አውቃለሁ። ግን አይነሳም። ሞት ለአንዳንዱ ሰው እንዴት ይመቻል።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 22

ጃኒስ ጋ ደወልኩ፣ የጎረቤት ካውንቲ ባልደረባዬ ናት። የሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኳት። በአንድ ሥራ ሁለት ሰው ኒሻን ቢይዝ ቦርዱ ምን ያደርጋል?

"ማስረጃው ጥሩ ከሆነ ለተገቢው ይጨምሩለታል።"

"የሌላውንስ?"

"ሰውየው ሞቷል? ታዲያ ማን ይነካዋል። ጠያቂ ከሌለ ሬሳ አይቀሰቅሱም። ሮክሳን፣ ያልነደደውን አትቆስቁሺ።"

ጠያቂ ከሌለ።

ማክሰኞ፣ ማርች 1

የኤይኖን መዝገብ ላክሁ። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የዚያን ቀን የሻምበሉ ሪፖርት፣ አባዬ በሕመም ካምፕ መቅረቱን የሚያሳየው ዝርዝር። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በአሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼ አላውቅም። "የሟች ዋልተር ፔርኮ መዝገብ እንዲነካ አመልካቹ አይጠይቅም" የሚለውን ዓረፍተ ነገርም እንዳሉኝ አስገባሁት። ፈረሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ጨበጡኝ።

ዓርብ፣ ማርች 4

ዛሬ ሁለተኛ ፎርም ሞላሁ። ለሟች ዘማች ሚስት ወይም ልጅ ማመልከት ትችላለች፤ ይህን ለስንቱ አስረድቻለሁ። የዘማቹ ስም፣ ዋልተር ፔርኮ። የአመልካች ስም፣ ሮክሳን ፔርኮ። ዝምድና፣ ልጅ። የሚጠየቀው እርማት፣ የብር ኮከብ ኒሻን ያለአግባብ የተሰጠ ስለሆነ ከመዝገቡ ይሰረዝ።

ለኤይኖ አልነገርኩም። ለእማዬም። ለፍትሕ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ መዝገብ እውነት መሆን አለበት ብዬ። እጄ ግን ሲፈርም ደስ ብሎት ነበር። እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ፖስታ ቤት ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 16

እማዬ ለምረቃው ቀሚስ ገዛች፣ ሰማያዊ። ምክር ቤቱ ደግሞ ከእኔ አንድ ነገር ጠየቀ… የኒሻኑን ጽሑፍ እንዳነብ። ልጁ ነሽ፣ ዘማችም ነሽ፣ ካንቺ በላይ ማን አለ?

እሺ አልኩ። እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ፈሪ የፈሪ ልጅ።

ሰኞ፣ ሜይ 30

አለፈ።

ፀሐይ ነበር፣ ነፋስም። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ፣ የከተማዋ ከንቲባ፣ አምስት የዘማቾች ማኅበር ሽማግሌ ከነጠመንጃቸው። እማዬ በሰማያዊ ቀሚሷ ከፊት ወንበር ላይ። ከሰዉ ኋላ፣ ከመኪናዎቹ አጠገብ፣ ኤይኖ። ቆባቸውን አውልቀው በሆዳቸው ላይ ይዘውታል።

ማይክሮፎኑ ጋ ወጣሁ። ስሙ አራት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ጋ ስደርስ ምላሴ እምቢ አለ። "ወታደሩ" አልኩ። "ወታደሩ ለሕይወቱ ሳይሳሳ… ወታደሩ ተመልሶ…" አራቱንም እንዲህ አለፍኳቸው። ማንም ልብ አላለም። ሰው ጽሑፉን መቼ ይሰማል፣ ድምፁን ነው። ከንቲባዋ መጨረሻ ላይ አቀፈችኝ።

ዓይኔን ስሰድ ኤይኖ መሬት መሬት ያያሉ። እማዬ ግን ቀጥ ብላ ታየኛለች። ያ አስተያየት ምን ነበር? በሥጋና በድንች የተሞላው ፓስቲ ሲታደል አጠገቤ መጥታ "ጥሩ አነበብሽ" አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

መጋረጃው ሲወርድ ሰሌዳው ትልቅ ነው። አረንጓዴ፣ ነጭ ፊደል። ይሰቀል ብዬ አሰብኩ፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ አወራረዱ ይታያል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣብኝ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጁላይ 8

ከቦርዱ ምንም የለም። ኤይኖ በየሳምንቱ ዓርብ ብቅ ይላሉ፣ "መጣ?" "አልመጣም።" "እሺ።" ዛሬ የተጨሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ።

"ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም።"

"ስጦታ አይደለም። ዓሣ ነው።"

በላሁት። ምነው ባልበላሁት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12

የአጋዘን አደን ሁለተኛ ሳምንት። ከተማው ባዶ። ምንም የለም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 21

ዓመት ሊሞላው ሲል መጣ። ሁለት ፖስታ፣ በአንድ ቀን።

የኤይኖ፣ ተፈቅዷል። የመሰናበቻ ወረቀታቸው ከነአዲሱ መስመር ታርሞ ተልኳል፤ ኒሻኑ ራሱ ለብቻው ይመጣል። የአባዬ፣ "በሟች ልጅ በሮክሳን ፔርኮ አመልካችነት" ተሰርዟል። አንዲት መስመር ናት። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ደስታው አልመጣም።

ከታች በትንሹ ምን ይላል? ቅጂ ለሟች ባለቤት። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ወረቀት? አውቄው ነበር።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 27

እማዬ ቢሮ መጣች። በሕይወቷ መጥታ አታውቅም። የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። አንድ ባለጉዳይ ነበረኝ፤ "ተራዬን እጠብቃለሁ" ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ሲወጣ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው።

"ይህን ያመለከተችው ሮክሳን ፔርኮ የምትባል ሴት ናት። ታውቂያታለሽ?"

"እማዬ…"

"እዚህ ባለጉዳይ ነኝ።"

ቁጣዬ ቀደመኝ፣ እንደ ልማዱ። "ታውቂ ነበር አይደል? ኒሻኑ የሱ እንዳልነበረ?"

"የሠርጋችን ማግስት ነገረኝ።"

"እና ሃምሳ ዓመት አቧራውን ትጠርጊለት ነበር። እኔን ክፍል ፊት አቆማችሁኝ። ድልድይ ላይ አቆማችሁኝ።"

"ድልድዩ ላይ የቆምሽው ቀድመሽ ከፈረምሽ በኋላ ነው። ቀኑን አይቼዋለሁ። ማርች አራት።" ጓንቷን አጠለቀች፣ ጣት በጣት። "ቤቴ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው። መጥተሽ 'እማዬ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው' ብትዪኝ ምን ነበረበት? መንግሥትን ጠየቅሽ እንጂ እኔን አልጠየቅሽኝም።"

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በኃይል ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 2

ኤይኖ መጡ። ወረቀታቸውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዲሱን መስመር በጣታቸው ተከተሉት፣ ሁለት ጊዜ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሊበራ ሲል አየሁ።

"የዋልትስ?" አሉ።

"ተሰርዟል።"

"እንዳይነኩት ጽፈሻል።"

"የርስዎ ላይ ጽፌያለሁ። የሱን እኔ ነኝ ያመለከትኩት።"

መነጽሩን አወለቁ። "መቼ?"

"እርስዎ በፈረሙ በሦስተኛው ቀን።"

"ዓሣዬን ስትበዪ ታውቂ ነበር ማለት ነው።"

ውሸት ውሸት ነው፣ መዝገብ መጽዳት አለበት፣ ዕድሜ ልኩን በሰው ኒሻን ኖረ… ይህን ሁሉ አወረድኩት። እስክጨርስ ጠበቁኝ። እኔ እሳቸውን አልጠበቅኳቸውም ነበር።

"በ1971 ነው" አሉ፣ "በኔ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። አንቺ በእናትሽ ሆድ ነበርሽ። 'ያን ቀን እኔ ካምፕ ነበርኩ፣ ሰውየው ኤይኖ ራንታላ ነው፣ ከኔ አንሱና ለሱ ስጡት' ብሎ። ቴምብሩን እኔ ነኝ የለጠፍኩት። በአራት ወር መልስ መጣ። 'መዝገባችን ትክክል ነው' የሚል፣ አንድ መስመር። ዋልት አንዴ ሞከረ። እኔ ደግሞ አንዴ መሞከሩ በቃኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም፣ እሱም ከበሮውንና ሰልፉን ለመደው። ሰው ነው። ይልመደው አልኩ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ልነግርሽ ስል ብዕር ወረወርሽብኝ። የአባቴ ስም አይነሳ አልሽ። ቢሮው ያንቺ ነው።"

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱ። በር ላይ ቆሙ። "እኔ ኒሻን ነው የጠየቅኩት። ጓደኛዬን ቀምተሽ ስጪኝ አላልኩሽም።"

ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፣ አላነሳሁትም። ብዕሩን የወረወርኩት ግድግዳው ላይ ነበር ወይስ እሳቸው ላይ? እስኪ አስታውሺ። አላስታውስም።

ዓርብ፣ ማርች 24

ሰሌዳውን አወረዱት። ሁለት የመንገድ ሠራተኞች፣ አንድ መሰላል፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ምክር ቤቱ ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ ግን እዚህ ከተማ ምን ይደበቃል። የዘማቾች ማኅበር ቤት የዓርብ ዓሣ ልበላ ገባሁ። ከአጠገቤ ያሉት ሁለቱ ወንበሮች ሰው ቢበዛም ባዶ ቀሩ። አስተናጋጇ "ይዘሽ ትሄጃለሽ ወይስ እዚሁ?" አለችኝ። በሃያ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም። ይዤ ሄድኩ።

እማዬ ስልክ አታነሳም። እሑድ ደጇ ሄጄ በረዶውን በአካፋ ጠረግሁላት። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ በሩ ግን አልተከፈተም።

ኤይኖ ዓርብ ዓርብ አይመጡም። "መጣ?" የሚለኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 18

በረዶው እየቀለጠ ነው። ባለጉዳይ አንድ ብቻ። በፊት ሰባት ስምንት ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ አሁን ጃኒስ ጋ ይሄዳሉ፣ አርባ ማይል ነድተው።

ከሰዓት ጃኒስ ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው። እናትሽና ራንታላ አብረው መጥተው ነበር። እናትሽ ነዳች።"

"ምን ፈልገው?"

"ያባትሽ መዝገብ እንዲታረም። ስረዛው ይነሳ አላሉም፣ እንዳለ ይቆይ ነው ያሉት። ምክንያቱ ይቀየር ነው። የሰባ አንዱን ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ እናትሽ አስቀምጣው ኖሯል፣ ከነመልሱ። ኒሻኑ የተነሳው በራሱ በወታደሩ ጥያቄ ነው ተብሎ እንዲጻፍ ነው የሚፈልጉት። ጥሩ መዝገብ ነው፣ የሚያልፍ ይመስለኛል።"

"ላኪልኝ። ልየው። ስህተት ካለ…"

ከዚያ ላከችው፣ እግዜር ይስጣት። ማየት አይገባኝም ነበር።

እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች አረጋገጥኩት። የዘማቹ ስም ትክክል ነው። ቀኖቹ ትክክል ናቸው። የአባዬ ደብዳቤ ተያይዟል፤ በማኅበሩ ታይፕ የተመታ፣ ሰባት መስመር፣ "ከሰላምታ ጋር" የሚለው ላይ ፊደል ስቷል። ምስክር፣ ኤይኖ ራንታላ። የቅርብ ቤተሰብ ፊርማ፣ ዶሎረስ ፔርኮ። ሁለተኛ የቤተሰብ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሕጉም አይጠይቅም፣ አንድ ይበቃል።

የኔ ስም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ይሰረዝልን ባሉት "በሮክሳን ፔርኮ አመልካችነት" በሚለው መስመር ላይ።

የሚታረም ስህተት የለውም ብዬ ለጃኒስ መለስኩላት።